ክለቡ በ10 ሰዓት ይከፈታል

«እሑድ? ያውም በ10 ሰዓት? አንተ ልጅ፣ የምትከፍተው ክለብ ነው ወይስ ሰንበቴ?»

የቤቱ ባለቤት እንዲህ ያለኝ ጥቅምት 2016 ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ቅዳሜ ቤቱን ሰጥቶን ሁለቱንም ከስሯል። ሦስተኛ ቀን ልለምነው ስሄድ ያላባረረኝ ጨዋ ሰው ስለሆነ ብቻ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ከመስከረም እስከ መጋቢት 2016 ሐዋሳ ውስጥ ስድስት ጊዜ የሙዚቃ ዝግጅት አሰናድተናል። እኛ ስል ሦስት ሰዎች ነን። እኔ ሙያዬ ሳውንድ ነው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለስብሰባ ስፒከር እሸከማለሁ፣ ገመድ እዘረጋለሁ። ሁለተኛዋ ዲጄ ናት። ሦስተኛው አስተማሪ ነው፤ ፖስተር መሥራትና ሰው ማግባባት ይችልበታል። ሐሳባችን አጭር ነበር። በከተማችን ክለቦች መድረክ የማያገኙ ጎበዝ ልጆች አሉ፤ መድረክ እንስጣቸው።

መድረኩማ በአንድ ስልክ ተገኘ። ያስቸገረን ሌላው ሁሉ ነው።

መድረኩ ላይ የሌለው ማነው?

ሐዋሳ ሙዚቃ አጥታ አታውቅም። ቅዳሜ ማታ በፒያሳ በኩል ብታልፉ ከየቤቱ ድምፅ ይሰማል። ነገር ግን እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች መድረኩ ላይ የሚቆመው ሰው ያው ነው። አንድ ኪቦርዲስት፣ አንድ ወንድ ድምፃዊ፣ ኪቦርዱ ውስጥ የተጫነ ቺክቺካ። ሴት ካለች ትዘፍናለች ወይ ትወዛወዛለች። መሣሪያ የያዘች ሴት ብርቅ ናት። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ከኖረች በኋላ በ2004 ዓ.ም አረፈች። ዛሬም «ሴት ክራር ተጫዋች» ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠራው የእሷን ስም ነው። ያሳዝናል ባልልም ይገርመኛል።

ከዚያ የቋንቋው ነገር አለ። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ክልሉ የተመሠረተው የኅዳር 2012ን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ ነው። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላን ደግሞ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዓሉ ሲደርስ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ የቄጣላው ጭፈራ መሬት ያንቀጠቅጣል። በማግስቱ ክለብ ገብታችሁ የሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) ዘፈን ብትጠይቁ ግን ዲጄው ፍላሹን ሲያገላብጥ ያመሻል።

ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። ከተመረቀበት ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ ገጠር እየመጡ ከተማችን ውስጥ ይኖራሉ። ከተማው ውስጥ አሉ፤ የከተማው ምሽት ውስጥ የሉም። ከእነሱ መካከል ማሽን ላይ ቁጭ ብለው ሲያንጎራጉሩ ድምፃቸው ሰው የሚያስቆም አሉ።

የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን መዘምራንንም አትርሱ። ሐዋሳ ውስጥ ድምፅ በደንብ የሚገራው እዚያ ነው። ሦስት ድምፅ ከፋፍለው የሚዘምሩ የ18 ዓመት ልጆች አሉ። መጠጥ ቤት ግን እግራቸው አይረግጥም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ኪራይ አልጠየቀንም። መግቢያው የእኛ፣ የመጠጡ ሽያጭ የእሱ ብለን ተስማማን። ሰባት ሰው ጋበዝን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንጀምራለን አልን፤ ክለብ የሚጀምረው በዚያ ሰዓት ነዋ።

በመጀመሪያ የመጣው ራፐሩ ነው። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ልጅ ነው። ታች ደርሶ ቀና ብሎ ደረጃውን አየ። ሊፍት የለም። አራት ጎረምሶች ተጠግተው «ምን ችግር አለው፣ እንሸከምሃለን» አሉት። ፈገግ አለ። «ሬሳ ነኝ እንዴ?» ብሎ ባጃጅ ጠራና ሄደ።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዝዝ ነበር። ሕጉን አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም። ያንን ደረጃ ስንት ጊዜ ስፒከር በትከሻዬ ተሸክሜ ወጥቼበታለሁ፤ አውቀዋለሁ። ግን ለእኔ ደረጃ ማለት የስፒከር ችግር ነበር። የሰው ችግር መሆኑ በጭራሽ አልመጣልኝም።

ቀጥሎ ዲጄያችን መጣች። ላፕቶፕ ቦርሳ አንግታ፣ ገመድ በእጇ ጠቅልላ። የበሩ ጠባቂ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ከራሴ ጋር።»

«እሱማ አይሆንም። ማን ጋ ነው የምትገቢው?»

ፖስተሩ በሩ ላይ ተለጥፏል። ፎቶዋ አለበት። እስክወርድ ድረስ እዚያው ቆማ ጠበቀችኝ። ጠባቂው ክፉ ሰው አይደለም። ብቻዋን የምትመጣ ሴትን እንዲህ ጠይቅ ተብሎ ነው የተቀጠረው። ያን ቀን በሩ ላይ ስንት ሴት ይህን ጥያቄ ሰምታ እንደተመለሰች አልቆጠርንም።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣችው ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር 1 ሰዓት ላይ ደርሳ ነበር። በወላይትኛ ትዘፍናለች። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ለስላሳ ጠጣች። ወደ 3 ሰዓት ሲጠጋ ወደ ሚክሰሩ መጣች።

«የኔ ተራ ስንት ሰዓት ነው?»

«5 ተኩል አካባቢ።»

«ወንድሜ፣ አከራያችን በር የምትዘጋው 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ መልአክም ቢመጣ አትከፍትም።»

ሳትዘፍን ሄደች። እኛም «ምን ይደረግ» አልን። ይህችን «ምን ይደረግ» አስታውሷት።

ከሁሉ የባሰው ግን ክራር ተጫዋቹ ላይ የሆነው ነው። ማየት የተሳነው ነው። በመጀመሪያ ፖስተሩን ጓደኛው አነበበለት። «ዓይነ ስውሩ ድምፃዊ» ይላል። ስልክ ደወለልን። «ሌሎቹን ‹ዓይናማው› ብላችኋቸዋል?» አለ። አላልናቸውም። ፖስተሩን በዚያው ሌሊት ቀየርነው።

መድረኩ ላይ ሲወጣ ሌላ ጣጣ መጣ። የክለቡ ሳውንድ ለዲጄ የተሠራ ነው። ሁለት ትልልቅ ስፒከርና ሱብ (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) አለው፤ ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ሞኒተር ግን የለውም። ለክራሩ የሰጠሁት ማይክ ክራሩን ትቶ ክፍሉን ሁሉ ይሰበስባል። ድምፁን ከፍ ሳደርግ ይጮሃል፣ ዝቅ ሳደርግ ክራሩ ይጠፋል። ኪቦርዲስቱ ሊያጅበው ሞከረ። ክራሩ የተቃኘው በልጁ ድምፅ ልክ እንጂ በኪቦርዱ አይደለም፤ በግማሽ ድምፅ ተላለፉ። ሰው ሳቀ። ልጁ ሳቁን ሰማ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ የመድረክ መሪው «ሰዓትህ አልቋል» ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠው። በእጁ! ልጁ ዘፈኑን ቀጠለ። መሪው ያልሰማው መስሎት ማይኩን አዘጋብኝ። ልጁ ሁለት ስንኝ ለራሱ ዘፈነ፤ ከዚያ ገባው።

በሽልማቱም አላማረብንም። በባህላችን ዘፈኑ የነካው ሰው ይነሣና ብሩን ዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ለእሱም ለጠፉለት። ወለል ላይ የወደቀውን ማን እንዳነሣው አላወቅንም። ስንት እንደነበርም እሱ አላወቀም። ለሴቶቹ ዘፋኞች ደግሞ ሽልማት ማለት የሰከረ ሰው እጅ ፊታቸው ላይ መምጣት ነው።

በር ላይ 61 ሰው ገባ፤ የከፈለው 38 ነው። የቀረው የጓደኛ ጓደኛ ነው። ከ3,800 ብር ለዘፈኑት አምስት ልጆች 700፣ 700 ሰጥተን በቀረው 300 ባጃጅ ተሳፈሩ።

ሁለተኛውን ቅዳሜ ባጭሩ ልለፈው። ለልጅቷ ብለን በምሽቱ 2 ሰዓት ጀመርን። በ2 ሰዓት ክለብ የሚገባ ሰው የለም። ልጅቷ ለባዶ ወንበር ዘፍና በሩጫ ወጣች። ደንበኛው 5 ሰዓት ላይ ሲመጣ ዝግጅቱ አልቋል። የከፈለው 29 ሰው ነው። ባለቤቱ ለተጨማሪ አስተናጋጅ ያወጣውን እንኳ አላገኘም።

ሰዓቱ ነው ነገሩ

ከዚያ በኋላ አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እየበላን ተጨቃጨቅን። አስተማሪው ችግሩ ማስታወቂያ ነው አለ። እኔ ሳውንዱ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ችግሩን የሚያየው በሙያው በኩል ነው። ዲጄያችን ናት ወረቀት አውጥታ የሰባቱንም ልጆች ስም የጻፈችው። ከስማቸው ጎን «መቼ ነው ነፃ የሚሆኑት? እንዴት ነው የሚገቡት? እንዴት ነው የሚመለሱት?» ብላ ጻፈች። ሙሉ ወረቀቱ ላይ ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል የለም።

ከሰባቱ አምስቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ወይ ቤት መግባት አይችሉም፣ ወይ ባጃጅ አያገኙም፣ ወይ ቤተሰብ ጠብ ያነሣል።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የአዲስ አበባ የማታ ሙዚቃ ምን ያህል እንደተጎዳ ታላላቆቻችን ያወሩታል። ከእኩለ ሌሊት በፊት ካልወጣህ እስኪነጋ ክለብ ውስጥ ታድራለህ። ለእነዚህ ልጆች ሰዓት እላፊው አልተነሣም። የሚያውጀው አከራይ፣ ባጃጅና ታላቅ ወንድም ነው። እኛ ደግሞ ክለብን በ4 ሰዓት ከፍተን «ለሁሉም ክፍት ነው» እንላለን።

እንግዲህ ለባለቤቱ እሑድ በ10 ሰዓት ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች አብዛኞቹ እሑድን ያርፋሉ። የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም እስከዚያ ያልቃል። በ2 ሰዓት እንጨርሳለን፤ ሁሉም 3 ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ይገባል። ፎቁንም እንተወው፤ ምድር ላይ የባለቤቱ ምግብ ቤት ግቢ አለ።

«ሰንበቴ» ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እሑድ በ10 ሰዓት ግቢዎ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ድመቷ» አለ።

ስለዚህ የሚያጣው ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ስንወስድበት የሚሸጥ ሰዓቱን ነበር የምንወስደው። እሑድን ግን የሞተ ሰዓት ነው ያነሣንለት። የአርቲስቱ ችግርና የነጋዴው ጥቅም የተገናኙት እዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ባለቤቱን በበጎነት ለማሳመን ሁለት ወር ሞክሬ አልሆነም፤ በድመቷ ግን በአምስት ደቂቃ ተስማማ።

ሦስተኛው፣ እሑድ

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሸራ ወጠርን። በር ላይ የዲጄያችንን አክስት አስቀመጥን። ነጠላቸውን አጣፍተው ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ። ሴት ብቻዋን ስትመጣ «ነይ የኔ ልጅ፣ ግቢ» ነው የሚሉት። «ከማን ጋር ነሽ?» ከግቢያችን የጠፋው ያን ቀን ነው። ጠባቂው አልተባረረም፤ ዊልቸር የሚያልፍበትን መንገድ ከሞተር ሳይክል ማስለቀቅ ሥራው ሆነ። በነገራችን ላይ ሥራውን ወደደው።

መግቢያው 100 ብር፣ ለሠራተኛና ለተማሪ 50 አልን። ማረጋገጫ አንጠይቅም፤ 50 ያለ 50 ይከፍላል። የመኪና ቁልፍ እያሽከረከረ «ተማሪ ነኝ» ያለ ሰውዬ አለ። አክስት ከላይ እስከ ታች አይተውት «በርታ፣ ተማር» ብለው 50 ተቀበሉት።

ክራር ተጫዋቹን ለማስመለስ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። በሦስተኛው «ሳውንድ ቼክ ካለ እመጣለሁ» አለ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተገናኘን። ክራሩ ሆድ ላይ ድምፁን በቀጥታ የሚቀበል ትንሽ ፒክአፕ በፕላስተር ለጠፍኩ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቆረጥኩት፤ ጩኸቱ ቆመ። ኪቦርዲስቱ ኪቦርዱን ወደ ክራሩ አወረደው። መሆን የነበረበትም ይኸው ነው፤ በቁልፍ የሚስተካከለው ኪቦርዱ ነው። ክራር ተጫዋቹ ከወንበሩ እስከ ማይኩ ሲለካ ቆይቶ «አራት እርምጃ» አለ። ወለሉ ላይ ወፍራም ገመድ በፕላስተር ለጠፍንለት፣ በእግሩ እንዲያገኘው። ሰዓቱ ሲደርስ ኪቦርዲስቱ ወፍራሟን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይመታል። ያን ሲሰማ የመጨረሻውን ስንኝ ይዘጋል። ተመልካቹ ይህን ሁሉ አያውቅም። «ዛሬ እንዴት ጥሩ ተጫወተ» ብቻ ነው ያለው።

ሽልማቱን ደግሞ መሶብ ውስጥ አደረግነው። መድረኩ ፊት አንድ ባዶ መሶብ አስቀመጥን፤ መሸለም የፈለገ እዚያ ይጥላል። መጨረሻ ላይ በማይክ ጮክ ተብሎ ይቆጠርና ለሁሉም እኩል ይካፈላል። አንድ ሁለት ሰው ቅር አለው። ግንባር ላይ መለጠፍ የራሱ ድምቀት አለው፣ አልክድም። መሶቡ ግን ማንንም አይነካም።

ራፐሩ ያለ ማንም እርዳታ ገብቶ ሦስት ዘፈን ሠራ። 52 ሰው በ100፣ 47 ሰው በ50 ገባ። 7,550 ብር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአርቲስቶች ከባጃጅ የተረፈ ነገር ከፈልን።

ከፓርኩ የመጣችው ልጅ በ11 ሰዓት ዘፈነች። ግቢው ጸጥ አለ። የወላይትኛው ቃል ለብዙዎቻችን አይገባንም፤ ዓሣ ጠባሹ ሳይቀር መጥበሻውን ይዞ ወጥቶ ቆመ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋታችን። በስልክ የተቀዳ 40 ሰከንድ ነበረን። የዚያኑ ማታ ቲክቶክ ላይ ለቀቅነው። ደስ ብሎን ነው። አልጠየቅናትም። ከጀርባዋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ስድስት የቢራ ጠርሙስ ተደርድሮ ይታያል። እኛ ድምፅዋን አየን። ወንድሟ ጠርሙሱን አየ።

ማክሰኞ ለዲጄያችን ደወለች። «አጥፉልኝ» ብቻ ነው ያለችው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አጠፋነው። ግን ሰው አውርዶ መልሶ ለቆታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝንም መብት ያውቃል፤ ሳይፈቅድ ክዋኔውን ቀርጾ ማሰራጨት አይቻልም። ወረቀቱን ያነበብኩት ከጥፋቱ በኋላ ነው። ደግሞም እሷ የፈለገችው ካሳ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስልኳ አይነሣም።

ለአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ መሸጥ ያስችል የነበረው አጎአ በ2014 ከተቋረጠብን ወዲህ ፓርኩ ውስጥ ሥራ እንደ ድሮው አስተማማኝ አይደለም። ኦቨርታይም እምቢ ማለት ያስፈራል። እሷ ያን እሑድ ለመምጣት ምን እንደተወች በኋላ ከጓደኞቿ ሰማን። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም፤ አንዴ ያለ ፈቃድ ስለ እሷ ማውራት ይበቃናል።

ከጥር እስከ የካቲት

የነቢያት ጾም ገባ፤ አረፍን። በዚያ ጊዜ ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ ማንኛውም ቪዲዮ ከመለቀቁ በፊት አርቲስቱ ራሱ አይቶ «እሺ» ይላል፤ ያለዚያ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ቀብድ። ከክፍያው ግማሹ ከሦስት ቀን በፊት በቴሌብር ይገባል። «እዚህ መዝፈንህ ራሱ ማስታወቂያ ነው» የሚሉ ቤቶች ሞልተዋል። በማስታወቂያ የክራር ጅማት አይገዛም፤ ፀጉር አይሠራም፤ ባጃጅ አይሳፈርም። ቀብዱን የምናወጣው ከእኔ የሠርግ ገቢ ነበር። ደግነቱ ጥር የሠርግ ወር ነው። ክፋቱም እሱ ነው፤ በጥር ስፒከርም ኪቦርዲስትም ማግኘት መከራ ነው። አራተኛውን ከጥምቀት በኋላ የሠራነው በተዋስነው ሚክሰር ነው።

አራተኛው የመዘምራኖቹ ነበር። ሦስት ልጆች ናቸው፤ ታላቋ 20 አልሞላትም። መዝሙር ሳይሆን ራሳቸው የደረሷቸውን የፍቅርና የናፍቆት ዘፈኖች ይዘው መጡ። እናታቸው ግን ግቢውን ሊያዩ አስቀድመው መጡ። ዞረው ዞረው «መጠጥ አለ?» አሉ። አለ። «እንግዲያው የለም» አሉና ሊሄዱ ሲሉ አስተማሪው ደረሰ። ሰው ማግባባት ይችልበታል ብያችኋለሁ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቡና፣ ሻይና ጁስ ብቻ ይሸጣል፤ ቢራ ከ12 በኋላ ነው ብሎ ቃል ገባ።

ባለቤቱ ሲሰማ «እኔ የከፈትኩት ጁስ ቤት ነው እንዴ?» አለ። እዚህ ላይ ሕጉ ረዳኝ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ግቢው ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ለጋ ናቸው። አስተናጋጅ በየጠረጴዛው መታወቂያ ሲጠይቅ ከሚውል የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ንጹሕ ቢሆን ይሻላል አልኩት። ከ12 በኋላ መጠጥ የሚፈልግ መታወቂያውን ለአክስት ያሳይና ቀይ ክር እጁ ላይ ያስራል። ክር የሌለው ለስላሳ ነው የሚመጣለት። የሲጋራውም ነገር በዚያው አዋጅ አለቀ፤ ማጨስ ከበር ውጭ።

ያን ቀን 112 ሰው ከፈለ፤ 9,100 ብር ገባ። ለሰባት አርቲስት 1,000፣ 1,000 ሰጠን፤ ባጃጅ 1,200 ፈጀ። በቀረው 900 ጥሩ ገመድ ገዛሁ። የመዘምራኖቹ እናት እስከ 12 ሰዓት ድረስ ቁጭ ብለው ሰሙ። ቢራው ሲመጣ ልጆቻቸውን ይዘው ተነሡ። ቃል እንደተገባላቸው ነው፤ ማንም ቅር አላለውም። የሐዋሳን ድምፅ ሁሉ ወደ ቢራ ጠረጴዛ ማምጣት የእኛ ሥራ አይደለም።

አምስተኛው ላይ አምስት እናቶች ከከተማው ዳር መጡ። በሲዳሙ አፎ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። መድረክ ላይ አውጥተን ማይክ ፊት ደረደርናቸው። አንድ ስንኝ ዘፍነው አቆሙ። ትልቋ እናት ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እንዴት ነው ጀርባ ሰጥተን የምንዘፍነው?» አሉኝ። አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ለእሳቸው ፊት ማለት ጓደኞቻቸው እንጂ ተመልካቹ አይደለም። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በመስመር ስንደረድራቸው ጀርባ ለጀርባ እንዲያወሩ እያስገደድናቸው ነበር።

ማይኮቹን ነቀልኩ። ክብ ሠርተው ሣሩ ላይ ቆሙ። አንድ ማይክ ከመካከላቸው በላይ ሰቀልኩ፤ ሌላ አንድ ወደ እግራቸው አዞርኩ፤ የእግር ምቱ ነውና ከበሮአቸው። ኪቦርዲስቱ ሊያጅብ እጁን አነሣ። ምቱን ኪቦርዱ ውስጥ ፈለገ ፈለገ፤ የለም። ዘግቶት መጥቶ ክቡ ዳር ቆመና በእጁ አጨበጨበ። ሰውም ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ ከበበ። ከስድስቱ ዝግጅት ሳውንዱ ያማረልኝ ይኸው ነው፤ ብዙውን መሣሪያ ያጠፋሁበት።

ያልተሳካም አለ። አምስቱ እናቶች የተከፈላቸው እንደ አንድ አርቲስት ነው። አንድ ሺህ ለአምስት። አስተማሪው «አንድ ቡድን ናቸው» አለ፤ እኔም ተስማማሁ። ዲጄያችን እስካሁን ይህን ታነሣብናለች። ልክ ናት። የሙዚቃ ባንድ ስንጋብዝ ለአራቱም አባላት ነው የምንከፍለው። ለዝግጅቱ የምንጠይቀው የፈቃድ ደብዳቤም ነገር አልተሻሻለም። በየወሩ ያንኑ ደብዳቤ ወደ አንድ ቢሮ ይዤ እሄዳለሁ፤ በየወሩ «እሑድ ደግሞ ምን ክለብ አለ?» እባላለሁ። ጸሐፊዋ አሁን በስሜ ነው የምትጠራኝ።

ስድስተኛው፣ ቅበላ

መጋቢት 1 እሑድ ነበር። በነጋታው ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ረመዳንም በዚያው ሰሞን ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሊጾም ነውና ከተማው ሥጋ ላይ ዘምቷል። ባለቤቱ ከቢራ ይልቅ ጥብስ ሸጠ። ከወጥ ቤቱ ብቅ እያለ ግቢውን ይቆጥራል። 88 ሰው በ100፣ 61 ሰው በ50። ከፋሲካ በኋላ የሚቀጥለውን ቀን እሱ ራሱ ነው የጠየቀኝ። ሰንበቴ የሚለው ስም ግን አልቀረም። አሁን አስተናጋጆቹም «የሰንበቴው ሳውንድማን» ይሉኛል።

አመሻሹ ላይ ሚክሰሩ ጋ ሆኜ ወደ በሩ ስመለከት አየኋት። ከፓርኩ ያለችው ልጅ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ናት። አክስት ጋ ቆማ ከቦርሳዋ ሃምሳ ብር አወጣች።

ሮጥኩ። «አንቺማ እንግዳችን ነሽ፣ ብርሽን ያዢ» አልኳት። ይቅርታም ልጠይቃት ነበር፤ ቃሉን ሳዘጋጅ ቀደመችኝ።

«አይሆንም» አለች። «ከፍዬ ከገባሁ መድረክ ላይ ማንም አይጠራኝም።»

አክስት ሃምሳዋን ተቀበሉ። ሦስቱም ከስፒከሩ ራቅ ያለ ጠረጴዛ ያዙና ጥብስ አዘዙ። ክራር ተጫዋቹ ሲወጣ አጨበጨበች። ስልክ ያወጣ ሰው ባየች ቁጥር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች፤ ስልኩ ወደ እሷ ባይዞርም።

2 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ባጃጃቸው መጣ።